አስራ ስድስተኛው ቦታ

«የሞተችው እኮ አንድ ናት፤ እኛ አስራ ሁለት ነን።»

መዝጋቢዋ ይህን የሰማችው ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ላይ፣ ፎጣዋን ትከሻዋ ላይ ጣል አድርጋ ከመታጠቢያ ቤት ስትወጣ ነው። ድምፁ የመጣው ከእህቷ ልጅ ክፍል፣ ገርበብ ካለው በር ጀርባ ነበር። ልጅቷ በስልክ ታወራለች። ከማን ጋር እንደሆነ ለማወቅ ጠንቋይ ቤት መሄድ አያስፈልግም፤ የንግድ ኮሌጁ የመረብ ኳስ ቡድን አምበል በዚህ ቀን ከቡድኗ ልጆች በቀር ከማን ጋር ታወራለች? መዝጋቢዋ ኮቴዋን አጥፍታ ቆመች። ሰው በር ላይ ጆሮ መጣል የምትጠላ ሴት ናት። ይሁን እንጂ ከሦስት ሳምንት ወዲህ በዚህ ቤት ውስጥ ስለዚያች ስለሞተችው ልጅ ትንፍሽ ተብሎ አያውቅም፤ አሁን ሲባል ደግሞ እንዲህ ሆኖ ወጣ። «አላዘንኩም አልወጣኝም» አለች ልጅቷ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ «ግን ለሐዘናቸው ብለው የእኛን ቦታ ከሰጧቸው፣ እኛስ ማንን በድለን ነው?» መዝጋቢዋ በሞቀ ውሃ ታጥባ እንደወጣች ብርድ ብርድ አላት።

ቁርስ ላይ ያወሩት ስለ ዳቦ ነው። ዳቦው እያደር እንዳነሰ፣ ባለ ሱቁ ግን ያነሰውን ዳቦ በጨመረ ዋጋ ዓይኑን በጨው ታጥቦ እንደሚሸጥ። ቤቱ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ያለ ሁለት ክፍል ነው። ልጅቷ እዚህ የመጣችው በዘጠኝ ዓመቷ፣ እናቷ ሁለተኛ ባል አግብታ ወደ ሌላ ከተማ ስትሄድ ነው። አዲሱ ባል የሰው ልጅ አላሳድግም አለ፤ መዝጋቢዋ «እኔ ጋ ትሁን» አለች፤ ነገሩ በዚህ አለቀ። ከዚያ ወዲህ አስራ ሦስት ዓመት ሙሉ አክስትና ልጅ ያልተነጋገሩበት ነገር አልነበረም፤ የወንዱ፣ የጎረቤቱ፣ የእናትየው ጭካኔ ሳይቀር በዚህች ጠረጴዛ ላይ ተዘርግቶ ተወርቷል፤ ተለቅሶም ተስቆም። አሁን ግን ሁለቱም አፋቸውን የሚከፍቱት ለዳቦ ብቻ ሆኗል። የልጅቷ የጉልበት መከላከያዎች መስኮቱ ላይ ተሰጥተዋል። ኳስ ባልነካችበት ቀን እንኳ በየቀኑ ታጥባቸዋለች። መዝጋቢዋ ለምን እንደሆነ ጠይቃት አታውቅም።

«ዛሬ ይታወቃል አይደል?» አለች ልጅቷ።

«አስራ አንድ ሰዓት ላይ።»

«ልጆቹ እዚህ መጥተው አብረን እንጠብቅ ብለዋል።»

«ይምጡ። ሻይ ቅጠል አለ፤ ስኳር ግን ግዢ።»

ልጅቷ አክስቷን ቀና ብላ አየቻት። አንድ ነገር ልትል አፏን ከፈተችና በዳቦ ዘጋችው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ለኮሌጆቹ ሻምፒዮና አስራ ስድስት ቡድኖች ይመረጣሉ። ስምንቱ ማንንም አይለማመጡም፤ የየአካባቢያቸውን ውድድር አሸንፈው ደረታቸውን ነፍተው ይገባሉ። የቀሩትን ስምንት ቦታዎች የሚሞላው ኮሚቴ ነው። አምስት ሰዎች አንድ ክፍል ውስጥ ይቀመጡና ማን ስንት አሸነፈ፣ ስንት ተሸነፈ፣ ያሸነፈውስ ጠንካራ ነው ወይስ ደካማ፣ እርስ በርስ ሲገናኙ ማን ረታ እያሉ ይከራከራሉ። ከዚያ እያንዳንዳቸው በብጣሽ ወረቀት ላይ ቡድኖቹን በቅደም ተከተል ይጽፋሉ፤ ሰብሳቢው ይደምራል፤ ድምሩ ያነሰለት ይገባል። ዘመድ ያለው ሰው የዘመዱ ቡድን ሲነሳ ከክፍሉ ወጥቶ ኮሪደር ላይ ይቆማል። ጥሩ ደንብ ነው፤ ምንም እንኳ አንድ ዓመት ከአምስቱ ሦስቱ ኮሪደር ላይ ቆመው የጽዳት ሠራተኛዋን ሊያስመርጧት ትንሽ ቀርቷቸው የነበረ ቢሆንም። ዋናው ነገር ግን ኮሚቴው ጨዋታ አለማየቱ ነው። የሚያየው ቅጽ ነው። ቅጹን የምትሞላው ደግሞ መዝጋቢዋ ናት፤ አስራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ በሜዳው ጠርዝ፣ ከጠረጴዛዋ ጀርባ ተቀምጣ እያንዳንዷን ነጥብ ስትጽፍ አንድም ቀን ተሳሳትሽ ተብላ አታውቅም። በዚህም ትኮራ ነበር።

በሚኒባሱ ውስጥ በመስኮት በኩል ተቀመጠች። የታክሲ ዋጋ በአንድ ወር ውስጥ ሁለት ጊዜ ስለጨመረ ረዳቱና አንዲት ሴትዮ ጮክ ብለው ይነታረካሉ፤ ሌላ ጊዜ ቢሆን መዝጋቢዋም አንድ ሁለት ቃል ጣል ታደርግ ነበር። ዛሬ ዓይኗ የሚያየው ሰባት ቁጥርን ብቻ ነው። በመኪና ታርጋ ላይ ሰባት፣ በግንብ አጥር ላይ በቀለም የተጻፈ ሰባት፣ ከፊቷ የተቀመጠው ሰውዬ የያዘው የሐኪም ቤት ወረፋ ወረቀት ላይ ሰባት። የሞተችው ልጅ ማሊያ ቁጥር ነው። የቀን መቁጠሪያው ሰባት ላይ ሲደርስ ያን ገጽ ሳታየው ቀድዳ ጥላዋለች፤ ልጅቷም ስምንት ላይ ሲሆን አይታ ምንም አላለችም። ፈርታለች፤ መዝጋቢዋ በግልጽ ፈርታለች። የሞተ ሰው የሚያስፈራው ተመልሶ ይመጣል ተብሎ ነው፤ ይህችኛዋ ግን ከሄደችበት አልተመለሰችም፤ ዝም ብላ እዚያው ነው ያለችው።

ኮሚቴው የሚሰበሰበው ጨዋታው በሚደረግበት አዳራሽ ፎቅ ላይ ነው። ወደ ደረጃው ለመድረስ በሜዳው ጠርዝ ማለፍ ግድ ነው። መረቡ ተፈትቶ ግድግዳ ላይ ተጠቅልሏል፤ እንጨት ወለሉ ታጥቦ ይሸታል። መዝጋቢዋ ጠረጴዛዋ ይቀመጥበት ከነበረው ቦታ አራት እርምጃ ላይ ያለችውን ያችን ስፍራ ላለመርገጥ በግድግዳው ታክካ አለፈች። ከሦስት ሳምንት በፊት፣ በመደበኛው ውድድር የመጨረሻ ጨዋታ፣ የነርሶች ኮሌጅና የእህቷ ልጅ የንግድ ኮሌጅ እዚህ ተጋጠሙ። ነርሶቹ ሁለት ለአንድ ይመሩ ነበር፤ በአራተኛውም ዙር ሃያ አንድ ለአስራ ስምንት። ሰባት ቁጥሯ ኳስ ለመከላከል መረቡ ላይ ዘለለች፤ ስትወርድ እግሯ አልያዛትም። አዳራሹ መጀመሪያ ሳቀ፤ የተንሸራተተች መስሏቸው። ከዚያ ጓደኞቿ ሮጠው ደረሱ። ነርስ ለመሆን የሚማሩ ልጆች ናቸውና የሚያደርጉትን ያውቃሉ፤ አንዷ ደረቷን በሁለት እጇ ትጫናለች፣ ሌሎቹ ጮክ ብለው ይቆጥራሉ፤ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ እስከ ሠላሳ፣ እንደገና ከአንድ። አምቡላንስ ሲዘገይባቸው የማስታወቂያ ሰሌዳ ነቅለው በእሱ ላይ አድርገው ይዘዋት ወጡ። አስራ አንዱም አብረው ወጡ፤ አሰልጣኛቸውም።

ደንቡ ከሜዳ የወጣ ቡድን በአስር ደቂቃ ውስጥ ካልተመለሰ ፎርፌ ነው፣ ድሉ ለተጋጣሚው ይሰጣል ይላል። ይህን ደንብ ያወጣው ሰው በዳኛ ተናደው ጥለው የሚሄዱትን እያሰበ ነው እንጂ ጓደኛቸውን ተሸክመው የሚሮጡትን አላሰበም። ቅጹ ላይ ያሉት ሁለት ሳጥኖች ናቸው፤ «ተጠናቋል» እና «ፎርፌ»። ከሥራቸው «ማስታወሻ» የሚል ሰፊ ባዶ ቦታ አለ። መዝጋቢዋ «ፎርፌ» የሚለው ላይ ምልክት አደረገች። ማስታወሻውን ባዶ ተወችው። ዳኛው ዓይኑን ከመውጫው በር ሳያነሳ፣ ሳያነብ ፈረመ፤ ከዚያ የንግድ ኮሌጁ አምበል፣ የገዛ እህቷ ልጅ፣ ፈረመች። የነርሶቹ አምበል ስላልነበረች ቦታዋ ክፍት ቀረ። ሰባት ቁጥሯ ሐኪም ቤት ሳትደርስ ማለፏ የተሰማው ቅጹ ከታተመ በኋላ ነው። ቅሬታ ለማቅረብ የተፈቀደው ሰባት ቀን ደግሞ ነርሶቹ ለቅሶ ላይ ሆነው አለፈ።

ስብሰባው ከሦስት ሰዓት እስከ ምሳ ድረስ በሰላም ሄደ። ሰብሳቢው የድሮ ተጫዋች ነው፤ ሲቀመጥ እንኳ ቁመቱ ስለማያልቅ ልጆቹ «መሰላሉ» ይሉታል፤ ሲሉትም ሰምቶ ይስቃል። መዝጋቢዋ የየቡድኑን ውጤት ታነባለች፣ አምስቱ ይከራከራሉ፣ ብጣሽ ወረቀት ይጽፋሉ፣ ይደመራል። ሰባቱ ቦታ በዚህ ዓይነት ሞላ። ዘጠኝ ሰዓት ሊሆን ሲል የቀረው አስራ ስድስተኛው ቦታ ብቻ ነበር፤ ለእሱ የቀረቡትም ሁለት ቡድኖች ናቸው። መዝጋቢዋ አነበበች። ንግድ ኮሌጅ፣ አስራ ስድስት ድል፣ ስድስት ሽንፈት። ነርሶች ኮሌጅ፣ አስራ አምስት ድል፣ ሰባት ሽንፈት፤ ከሰባቱ አንዱ በፎርፌ። ድምጿ ደህና ነበር።

«ይሄ ፎርፌ ያቺ ልጅ የሞተችበት ነው እንዴ?» አለ ከአባላቱ አንዱ።

«ቅጹ የሚለው ፎርፌ ነው» አለ ሰብሳቢው፣ እሱም ደስ ሳይለው። «ማስታወሻ የለውም። ቅሬታም አልቀረበም። ጨዋታው ባይቆጠር ኖሮ እኩል አስራ አምስት ለስድስት ይሆኑ ነበር፤ ቀደም ሲል በተገናኙበት ጨዋታ ደግሞ ነርሶቹ ስላሸነፏቸው ነርሶቹ ይገቡ ነበር። ግን ተቆጥሯል።» ከዚያ ወደ መዝጋቢዋ ዞረ። «እህቴ፣ ደንቡን ታውቂዋለሽ፤ የእህትሽ ልጅ ቡድን ነው።»

መዝጋቢዋ ቅጾቿን ጠረጴዛው ላይ ትታ ወጣች። ስትወጣ የተሰማት ነገር እፎይታ መሆኑ በኋላ አሳፈራት። ደንብ ነው ያስወጣት፤ ከእንግዲህ የሚሆነው ሁሉ እሷ በሌለችበት ነው የሚሆነው።

ኮሪደሩ ላይ ያለችው አግዳሚ ወንበር ላይ አንድ ሰውዬ ተቀምጧል። ሃምሳዎቹ ውስጥ ነው፤ ጫማው በደንብ ተጠርጓል፣ እጆቹ ግን ምንም ያህል ቢታጠቡ የማይጠሩ የቧንቧ ሠራተኛ እጆች ናቸው። ጭኑ ላይ በላስቲክ የተሸፈነ ወረቀት ይዟል። ስታይ ቆይታ አወቀችው፤ በሰባት ቁጥሯ ቀብር ማግስት በጋዜጣ ላይ ወጥቶ በነበረው ፎቶ ላይ ከሬሳ ሳጥኑ ጎን የቆመው ነው። መመለስ አትችል፣ የምትገባበት ክፍል የላት። ከወንበሩ ጫፍ ተቀመጠች።

«እዚህ ነው የሚሠሩት?» አላት።

«አዎ። እኔ መዝጋቢ ነኝ።»

ቧንቧ ሠሪው ዞር ብሎ አያት። ፊቱ ላይ ቁጣ ትፈልግ ነበር፤ አጣች። «እንግዲያውስ እርስዎን ነው የምፈልገው። እኔ ለውድድሩ አይደለም የመጣሁት፤ ስለ ኳስም አላውቅም። በድረ ገጻችሁ ላይ ልጆቹ ሜዳ ጥለው ወጡ ይላል። የልጄም ስም ከዝርዝሩ ውስጥ አለ። እሷ ሜዳ ጥላ አልወጣችም፤ ተሸክመው ነው ያወጧት። ይህን ከሐኪም ቤት ያመጣሁትን ወረቀት ላሳይና እንዲያስተካክሉልኝ ነው።» ላስቲኩን በአውራ ጣቱ ጠረግ ጠረግ አደረገው። ከዚያ፣ ከዚህ የከበደ ነገር እንደሚጠይቅ ሰው፣ ጉሮሮውን ጠረገ። «አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅዎት። አጠገቧ ነበሩ አሉ። ስትወድቅ ወዲያው ነው የሄደችው? ወይስ ነፍስ ነበራት? ጓደኞቿን ስጠይቅ ሁሉም ያለቅሳሉ እንጂ የሚነግረኝ የለም።»

ለዚህ ጥያቄ መልሱን ከእሷ በላይ የሚያውቅ ሰው የለም፤ አራት እርምጃ ነው የነበረው። «ነበራት» አለች። «መጀመሪያ ላይ ነፍስ ነበራት። ጣቶቿን እያንቀሳቀሰች ነበር። ዓይኗም ክፍት ነበር፤ ወደ እኔ ጠረጴዛ ነበር የምታየው።»

ሰውዬው ራሱን ደጋግሞ ነቀነቀ። «እርስዎን እያየች ነበር ማለት ነው» አለ ቀስ ብሎ። «እንኳን ሰው አየች። ብቻዋን አልነበረችም።»

መዝጋቢዋ ተነሳች። በሩን ሳታንኳኳ ከፍታ ገባች። አምስቱ ሰዎች ብጣሽ ወረቀቶቻቸውን እየጻፉ ነበር፤ አንዱ ሥራውን ጨርሶ አጥፎታል።

«እህቴ፣ ደንቡ...» አለ ሰብሳቢው።

«ደንቡን አውቃለሁ። የነርሶቹን ቅጽ ያበላሸሁት እኔ ነኝ። ጨዋታው ተቋረጠ ተብሎ ማስታወሻው ላይ መጻፍ ነበረበት። ፎርፌ አልነበረም።»

ሰብሳቢው እስክሪብቶውን አስቀመጠ። ደግ ሰው ነው፤ ብልህም ነው፤ መውጫ በሩን ወዲያው አይቶ ከፈተላት። «የጽሕፈት ስህተት ከሆነ እኮ ዛሬም ይስተካከላል፤ መዝጋቢዋ ራሷ ስህተት ነው ካለች ደንቡ ይፈቅዳል። እንደዚያ በነበረ ሰዓት ማንም ሰው ይሳሳታል። ስህተት ነው በይና እንጨርስ። አንቺም ሥራሽ ላይ ትቆያለሽ።»

ቃሉ ጥርሷ ላይ ደረሰ። ማለት ነበረባት፤ ብላው ቢሆን ኖሮ ይህ ታሪክ ባማረ ሁኔታ ያልቅ ነበር፣ ነርሶቹም ያው ይገቡ ነበር፣ እሷም በመጪው ዓመት ጠረጴዛዋ ጋ ትቀመጥ ነበር። ነገር ግን አሁን ከበሩ ውጭ የተቀመጠው ሰውዬ «እንኳን ሰው አየች» ያለው ነገር አንጀቷን በልቶታል።

«ስህተት አይደለም» አለች። «ደምሬ ነው። ልጆቹ ደረቷን እየተጫኑ ሲቆጥሩ እኔ ደግሞ ጠረጴዛዬ ላይ ሆኜ ሌላ እቆጥር ነበር። ይህን ጨዋታ የእኛዎቹ ቢያገኙት ድላቸው አስራ ስድስት ይሆናል፣ የነርሶቹ ሽንፈት ሰባት ይሆናል፣ የእኔ ልጅ ትገባለች እያልኩ። ልጅቷ ገና ወለሉ ላይ ነበረች፤ እያየችኝ ነበር። ከዚያ ነው ማስታወሻውን ባዶ የተውኩት። ሳጥኑ ሁለት ስለሆነ ነው ብዬ ራሴን እያታለልኩ ቆየሁ። ባዶው ቦታ ይህን ያህል ነበር» ብላ በእጇ ስፋቱን አሳየች።

ወረቀቱን ያጠፈው ሰውዬ ዘርግቶ ስሞቹን ሰረዛቸው። ሰብሳቢው አላያትም፤ ጠረጴዛውን እያየ፣ ጨዋታው እንደማይቆጠር፣ ቦታውም የነርሶቹ እንደሆነ፣ ውሳኔው በቃለ ጉባኤ እንደሚጻፍ፣ እሷም ከዛሬ ጀምሮ ቅጽ እንደማትይዝ ነገራት። ድምፁ ውስጥ ቁጣ አልነበረም። የአስራ ዘጠኝ ዓመት ጓደኛ የነበረ ሰው ድምፅ ነው፤ ያ ነው የከፋው።

ስትወጣ ለቧንቧ ሠሪው ወረቀቱ እንደሚስተካከል፣ ልጁ ሜዳ ጥላ ወጣች የሚለው ዛሬውኑ እንደሚነሳ ነገረችው። ብድግ ብሎ በሁለት እጁ እጇን ያዘ። ፈጣሪ ውለታሽን ይክፈልሽ አላት፤ እስካሁን እርስዎ ሲላት ቆይቶ አሁን እንደ እህቱ አንቺ አላት። ለምን እንደተስተካከለ ግን አልነገረችውም። የእሱን ምስጋና እንደያዘች በደረጃው ወረደች። በዚያች ስፍራ አጠገብ ስታልፍ ቀና ብላ ማየት አልቻለችም።

ሚኒባስ አልያዘችም፤ በእግሯ ሄደች። መንገዱ ላይ ሰው ሁሉ ወደ ቤቱ ይሄዳል፣ ሱቆች ሽንኩርትና ሳሙና በር ላይ አውጥተው ይሸጣሉ፤ ስኳር አስታውሳ ገዛች፤ ልጅቷ ብትገዛም አንድ ኪሎ ይበልጥ እንጂ አይጎዳም ብላ። በሩ ጋ ስትደርስ ጫማዎች ተደርድረዋል፤ ረጃጅም ልጆች ትልልቅ ጫማ። ከውስጥ ድምፅ አይሰማም። አስራ አንድ ሰዓት አልፏል።

አስራ አንዱም ልጆች ወለሉ ላይ ተቀምጠዋል፤ ትኩስ ሻይ ፊታቸው አለ፤ የጠጣ የለም። ስልካቸው ላይ ደርሷቸዋል። ስሙም፣ ምክንያቱም፤ ክፉ ወሬ ክንፍ አለው እንደሚሉት ይሄኛውም በርሮ ነው የደረሰው። ከመካከላቸው አንዷ፣ አጭሯ፣ ዓይኗ ቀልቶ ቀና አለች። «የራስሽ ልጅ እኮ ናት!» አለች። «ዘንድሮ የመጨረሻዋ ነው። ያ የክለብ አሰልጣኝ ሻምፒዮናው ላይ ልይሽ ብሏት ነበር!» ሌላዋ ክንዷን ያዘቻት። አንድ በአንድ ተነሱ። በመዝጋቢዋ አጠገብ ሲያልፉ እንግዳ ተቀባይዋን የሚሰናበት አልነበረም፤ በሩ ላይ ጎንበስ ብለው ጫማቸውን እያሰሩ የሚያለቅሱ ግን ነበሩ። መዝጋቢዋ ስኳሩን ይዛ ቆማ አሳለፈቻቸው።

ልጅቷ ብርጭቆዎቹን ሰብስባ ወደ ማጠቢያው ሄደች። ጀርባዋን ሰጥታ ማጠብ ጀመረች፤ ትከሻዋ አይንቀሳቀስም። መዝጋቢዋ ስድብ ስትጠብቅ፣ እናቴ አይደለሽም እስክትባል ስትጠብቅ ቆየች፤ ቢባልም ይገባኛል እያለች።

«ስህተት ነው ብለሽ ነው የነገርሻቸው?» አለች ልጅቷ ሳትዞር።

«አይደለም። ለአንቺ ብዬ ደምሬ እንደጻፍኩት ነው የነገርኳቸው።»

«ስለ እኔስ ምን አልሽ?»

«ስላንቺ ምን እላለሁ? አንቺ ምን አደረግሽ?»

ልጅቷ ውሃውን ዘጋች። ዞራ እርጥብ እጆቿን እንዳንጠለጠለች ቆመች፤ ዘጠኝ ዓመቷ ላይ ሻንጣ ይዛ በዚህ በር ስትገባ እንደዚህ ነበር የቆመችው።

«አሰልጣኛችን ወደ ጠረጴዛሽ የላከኝ ለመፈረም ብቻ አልነበረም» አለች። «ተቋረጠ ብላ ማስታወሻው ላይ ትጻፍ፣ ነውር ነው፣ ንገሪያት ብሎኝ ነበር። መጥቼ አጠገብሽ ቆምኩ። ባዶውን ቦታ አየሁት። ልነግርሽ ነበር፤ ግን ያቺ ልጅ እንደወደቀች በሆዴ የደመርኩት አስራ ስድስት ለስድስት መጣብኝ፤ ዝም ብዬ ፈረምኩ።» እጇን ቀሚሷ ላይ ጠረገች፤ ደግማ ጠረገች። «አሰልጣኙን ጻፈች ብዬ ዋሸሁት። አንቺ ለእኔ ብለሽ የደመርሽ መስሎሻል፣ አክስቴ። አንቺ ስትደምሪ እኔ ጨርሼ ነበር።»